ለእናቴ የሠራሁት የቺፕውድ አልጋ

እናቴ ድናለች። ይህን ቀድሜ የምናገረው አንባቢ ለእሷ እንዳይጨነቅ ነው፤ የቀረው የእኔ ውርደት ስለሆነ ተረጋግቶ ቢያነበው ይሻላል።

ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ አናጺ ነኝ። ለሰው ሁሉ ስለ እንጨት መስበክ እወዳለሁ፤ ሚስቴ «ጀመረው ደግሞ» ብላ ትነሳለች። ዋንዛ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም አይጣመምም። ጽድን ምስጥ አይደፍረውም። ወይራ ያንተን መሣሪያ ያደነዝዛል እንጂ እሱ ምንም አይሆንም። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ እርጥቡን ከሠራህበት ግን በበጋ ተሰንጥቆ ሰው ፊት ያዋርድሃል። ቺፕውድ የሚባለው ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ በኮላ ተጨፍልቆ ሰሌዳ የሆነ ነው። ለመደርደሪያና ለቢሮ ጠረጴዛ ጥሩ ነው። ውሃ ከጠጣ ግን ያብጣል፣ ክብደት ሲጎትተው ደግሞ ብሎኑ ይነቀላል፤ አንዴ ከተነቀለ መልሶ አይነክስም። ይህን ሁሉ ለደንበኞቼ ሳልጠየቅ እነግራለሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ስማዳ ገጠር ውስጥ፣ አባቴ ከዋንዛ ባሠራው የጠፍር አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው። ጠፍሩ ረግቦ ወገቧን ሲያማት «አዲስ እሠራልሻለሁ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ጠፍሩን ብቻ መቀየር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከአንድ ቢሮ ሥራ የተረፈ ቺፕውድ ግድግዳ ተደግፎ ቦታ ይዞብኝ ነበር። ከዚያ ሠራሁላት። ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ራስጌው ቅስት ያለው አልጋ ሆነ። ሰጋቱራው እንዳይታይ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በልጥፍ ሸፈንኩት። የአባቴን አልጋ ፈታትቼ ዋንዛውን ጭኜ ተመለስኩ፤ የሌላ ሰው በር ሆነ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። እናቴ በመዳፏ እየዳበሰች «ልጄ በገዛ እጁ» ስትል ዋለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

በተከታዩ ክረምት ሆዷን ቆርጦ ያዛት። አጎቴ፣ ወንድሟ፣ ደውሎልኝ ስደርስ አምቡላንሱ በጭቃው ምክንያት ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ በሽተኛ ከቤት የሚወጣው ከነአልጋው ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ አጣና ይታሰርና አራት ሰው ይሸከመዋል። እዚያው ተወልጄ ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። አይ፣ አልረሳሁትም። የቺፕውዱ ሳንቃ ቦታ እንደያዘብኝ እንጂ እሷ እንደምትታመም አላሰብኩም፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል።

አጎቴና ሦስት ጎረቤቶች አጣናውን አስረው «አንሱ» ተባብለው አነሱት። ገና ከመሬት ከፍ ሲል የራስጌው ብሎን ሰጋቱራ ይዞ ወጣ። ጎኑ ተገነጠለና እናቴ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሆዷን ይዛ ጥቅልል አለች።

አንዱ ጎረቤት ቃሬዛ የሚሆን ጋቢ ሊያመጣ ሮጠ። አጎቴ የተሰበረውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ እንደ በሶ ዱቄት እጁ ላይ ረገፈ።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለኝ። «እንጨት ነው እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልስ የሰጠችው ግን ከወለሉ ላይ እናቴ ናት።

«ተወው ወንድም ዓለም። የኔ ጥፋት ነው። ውሃ ደፍቼበት ነው።»

አልደፋችም። ሳንቃው ደረቅ ነበር፤ አናጺው እኔ ነኝ፣ አይቼዋለሁ። ሕመሙ ትንፋሽ እየነሳት የምታስበው እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አጎቴ አሁንም ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ ያየኛል።

«ውሃ እንዳታስነኪው ብዬሽ ነበር እኮ» አልኳት።

«እውነቱን ነው» አለች እናቴ ዓይኗን ጨፍና። «ብሎኝ ነበር።»