የዝምተኛው የመጨረሻ ዙር

ከጣርማበር የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ደብረ ሲና ሲደርሱ ፍሬናቸው ይሸታል። የጋለ ብረት ይሸታል፤ የተቃጠለ ላስቲክም፣ ትንሽ ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር። አሁን እዚህ ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለሚሸተኝ ለምጄዋለሁ ማለት ነበረብኝ። አልለመድኩትም። አንዱ መኪና ፍሬኑ እየጨሰ ዳር ሲይዝ፣ ጉሙም ከላይ ተከትሎት ሲወርድ፣ መፍቻውን እንደያዝኩ ዝም ብዬ እቆማለሁ። የቤቱ ባለቤት "አንተ ልጅ፣ ደግሞ ሄድክ?" ይለኛል። "አለሁ" እላለሁ።

ወንድሜን ነው የማስበው። ከየት እንደምጀምርልህ አላውቅም። ከመኪና ውድድሩ ልጀምር።

ወንድሜ ሹፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ ጭኖ ይወርዳል፤ ከቆላው ሽንኩርት ጭኖ ይወጣል። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ "ጋሼ" ነበር የምለው። ከተማው ሁሉ ኳስ ሲያይ እሱ የአሜሪካንን የመኪና ውድድር ያያል። መኪኖቹ የቤት መኪና ነው የሚመስሉት። አርባ ያህል ሆነው፣ በር ለበር ተጠጋግተው፣ አንድ ክብ መንገድ ላይ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ጊዜ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ያደረበት ሆቴል ውስጥ በዲሽ አይቶ ነው የጀመረው። "ዓይኔን መንቀል አቃተኝ" አለኝ ሲመለስ፤ "እነዚያ ሰዎች እኮ ሥራዬን ነው የሚሠሩት።"

ያን ዓመት እኛ ጋ ኔት ጠፍቶ ነበር። ጓደኛው የሆነ ሹፌር አዲስ አበባ ሲገባ ከአንድ ፊልም ቤት በፍላሽ እያስጫነ ያመጣልን ነበር። ውድድሩ ካለቀ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርሰን። ለእኛ ግን ገና ያላለቀ ነው። ሕግ ነበረን፤ ማንም ቀድሞ አያይም፣ የሰማም አይናገርም። ጓደኛው ፍላሹን ሲሰጠን ሁልጊዜ ይቀልድ ነበር።

"ዞረው ዞረው እዚያው ናቸው። ነዳጅ ጨረሱ እንጂ የት ደረሱ?"

"አንተስ?" ይለዋል ወንድሜ። "ደሴ ሄደህ፣ ተመልሰህ፣ ይኸው እዚሁ በራችን ላይ አይደለህ?"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ አንድ ብርድ ልብስ እግራችን ላይ ጥለን ላፕቶፑን ወንበር ላይ እናስቀምጣለን። የደብረ ብርሃን የከሰዓት ንፋስ ታውቀዋለህ፣ በቆርቆሮው ስር ይገባል። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት ሲጠፋ ውድድሩም እዚያው ይቆማል። ያኔ ክርክር ይጀመራል። ማን ጎማ ጨርሷል፣ ማን ነዳጅ ይበቃዋል፣ መብራት ሲመጣ ማን ፊት ይሆናል። ብዙ ጊዜ እሱ ነበር ልክ የሚሆነው። እንዲያውም አሁን ሳስበው ከውድድሩ ይልቅ መብራት የጠፋባቸውን ሰዓቶች ነው የማስታውሰው።

የነጂዎቹን ስም መያዝ አቃተን። "አንተ ተምረህ የለ? ምን አለ የሚያስተላልፈው ሰውዬ?" ይለኛል፤ እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ይዤ ከአሥር ቃል አንዱን እነግረዋለሁ። ስለዚህ ስም እኛው አወጣንላቸው። ጥቁሯን መኪና የሚነዳውን "ገፊው" አልነው። ከፊቱ ያለውን ከኋላ ነካ አድርጎ፣ ሚዛን አስቶ ነው የሚያልፈው። በዚያ ውድድር ይህ አይከለከልም፤ ሕዝቡ እንዲያውም ይጮህለታል። ብጫዋን የሚነዳው ደግሞ "ዝምተኛው" ነው። እሱ አይገፋም። ይጠብቃል፣ ክፍተት ሲያገኝ ያልፋል፤ ካላገኘ ከኋላ ይቀራል።

እኔ የገፊው ነበርኩ። ወንድሜ የዝምተኛው።

ወንድሜ ስለ እያንዳንዱ ውድድር አስተያየቱን የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ትምህርት ያቋረጠው ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፉ ትልልቅ ነው፣ እየተጫነ ነው የሚጽፈው። ቃሎቹ ጥቂት ናቸው። "ስምንተኛ። ጎማውን ለመጨረሻ ቆጥቦ ነበር፤ መንገድ አልሰጡትም።" "አሥራ አንደኛ። መኪናዋ ከዳችው፣ እሱ አልከዳትም።" "ገፊው አሸነፈ። ማሸነፍ ከተባለ።" ይህቺን ሲጽፍ አየሁትና ተናደድኩ።

"አንደኛ ወጣ እኮ ጋሼ! ምን ይሁንልህ?"

"የተገፋው ሰውዬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ።"

"ተነሥቶ ሄደ አይደል? ምንም አልሆነ።"

"እዚያ ግድግዳ አለ" አለኝ። "ጣርማበር ላይ ግድግዳ የለም።"

እናታችን ጥጥ እየፈተለች ከኋላችን ትሰማለች። መኪና ሲጋጭ እንዝርቷን ታቆምና "እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?" ትላለች። ወንድሜ "አላቸው እማዬ፣ ያቻትልሽ፣ መነጽር ያደረገችው" ብሎ ከሕዝቡ መሃል አንዷን ያሳያታል። "ታዲያ ምነው ታጨበጭባለች?"

ጎማ የሚቀይሩላቸውን ሰዎች እንደ ተአምር ነበር የሚያያቸው። መኪናው ገብቶ፣ አራት ጎማ ተቀይሮ፣ ነዳጅ ተሞልቶ እስኪወጣ እኔ አንድ ጊዜ አዛጋለሁ። "ደብረ ሲና ጎሚስታ ጋ እኮ ግማሽ ቀን ነው የሚያስቀምጡኝ" ይላል። "ሁለቱን ብቻ ቢያውሱን!" አሁን እኔን እዚህ ቢያየኝ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ሰዓት ይይዝብኝ ነበር።

በክረምቱ አንድ ቀን አብሬው ወረድኩ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል። ከኋላችን አንድ አውቶብስ መጣና ጡሩምባውን ለቀቀብን። መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። እኔ ደሜ ፈላ። ወንድሜ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ዳር ያዘና አሳለፈው። የአውቶብሱ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "ኧረ ብስክሌት ግዛ!" ብሎን አለፈ።

"ፈርተህ ነው?" አልኩት።

"እሱ ቸኩሏል። እኔ አልቸኮልኩም።"

"አንተም ዝምተኛው ነህ በቃ" አልኩት። ልሰድበው ነበር። እሱ ግን እስከ ደብረ ሲና ድረስ ለብቻው ፈገግ እያለ ወረደ።

መስከረም ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬ ውጤት መጣ። አላለፍኩም። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በዚያው ሳምንት በደረሰን ፍላሽ ላይ የዋንጫው ሕግ እንዴት እንደሆነ ገባን። ዓመቱን ሙሉ ከሮጡ በኋላ እየተጣሩ አራት ሰዎች ይቀራሉ፤ ከአራቱ በመጨረሻው ቀን ቀድሞ የገባው ዋንጫውን ይወስዳል። በፊት የሠሩት አይቆጠርም። ወንድሜ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ዓመት ሙሉ የለፋን ሰው በአንድ ቀን? ያን ቀን ቢያመውስ? መኪናዋ ባትነሣስ? አንድ ቀን ሰውን አይለካም። አይለካም!"

እኔ ስለ ውድድሩ የሚናገር መስሎኝ "ሕግ ነዋ" አልኩት። ለማን እየተናገረ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጣም ቆይቶ።

ዝምተኛው ከአራቱ አንዱ ሆኖ ገባ። ገፊውም ገባ።

ኅዳር ላይ ወንድሜ ፊቱ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ኩላሊቱ ነበር፤ ሁለቱም። አዲስ አበባ ተወስዶ ተመለሰ። እናታችን ጸበል ወሰደችው፤ ከዚያም ተመለሰ። መኪናዋን ሌላ ሹፌር ያዛት። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ውርጭ ሲሆን በመስኮቱ እያየ "ዛሬ ፍሬን አይዝም" ይል ነበር፣ መንገድ ላይ ላሉት እያሰበ።

የመጨረሻው ውድድር በታኅሣሥ ደረሰን። ጓደኛው በር ላይ ቆሞ ፍላሹን እጄ ላይ አደረገ። ያን ቀን አልቀለደም። ወንድሜ ስክሪን ሲያይ ራሱን ይፈልጠው ስለነበር ማየት አልቻለም። አንድ ሳምንት ጠበቅን። አልተሻለውም።

"አንተ እየው" አለኝ። "እየውና ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ምንም ሳትዘል።"

"ሕጋችንስ?"

"እኔው ፈቅጃለሁ። ሂድ።"

ከሰዓት በኋላ እናታችን ክፍል ገብቼ ለብቻዬ አየሁት። የሚገርምህ፣ መብራት አንድም ጊዜ አልጠፋም። ቢጠፋ ደስ ባለኝ። የመጨረሻው ዙር ላይ ገፊው ፊት ነው፤ ዝምተኛው ከኋላው፣ አፍንጫው ጭራው ላይ። ከሁለቱ ቀድሞ የገባው ዋንጫውን ይወስዳል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የገፊው መኪና ትንሽ ተንሸራተተችበት። ዝምተኛው ነካ ቢያደርገው አለቀ። ሕዝቡ ቆሟል። እኔ፣ የገፊው ደጋፊ፣ ስክሪኑ ላይ "ግፋው! ግፋው በናትህ!" እያልኩ ነበር።

አልገፋም። በውጭ በኩል ለማለፍ ሞከረ፤ አልደረሰም። ሁለተኛ ወጣ።

ላፕቶፑን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የኔ ሰው አሸንፏል፤ ደስታ የሚባል ግን አልነበረኝም። በግድግዳው ወዲያ ወንድሜ ሲያስል ይሰማኛል። ለዚህ ለታመመ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ለጠበቀው፣ ተሸነፈ ብዬ ልንገረው? አልቻልኩም። ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ጎማውን፣ ነዳጁን፣ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደተጋጨ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ዋሸሁ።

"…ነካ አደረገው። ገፊው ዞረ። ዝምተኛው አልፎት ገባ። አሸነፈ ጋሼ! ዋንጫውን ወሰደ!"

ዓይኑን ገለጠ።

"ገፋው?"

"ትንሽ ነው። ነካ ነው ያደረገው።"

"ገፋው ወይስ አልገፋውም?"

"ገፋው። ግን አሸነፈ እኮ።"

ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

"እሱም?" አለ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሲያሸንፍ ላሳየው ብዬ፣ ሰውየውን ወሰድኩበት። በሌላ መንገድ እንዲያሸንፍ አድርጌ መንገር እችል ነበር፤ ግን እኔ የማውቀው የማሸነፊያ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ወዲያው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የተኛ መሰለኝ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። እንዲያውም ላፕቶፑን አጠገቡ አምጥቼ ያቺን አንዷን መታጠፊያ ብቻ አሳየዋለሁ፣ ራሱን ሳያመው።

ጠዋት መድኃኒቱን ልገዛ ወጣሁ። ውርጩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ ላይ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ላይ ሰው ነበር። መድኃኒቱን እንደያዝኩ ነው የገባሁት።

ከአርባው በኋላ ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አገኘሁት። ያን ቀን ምንም አልጻፈም ብዬ ነበር የማስበው። ጽፏል። መቼ እንደጻፈው አላውቅም፤ ምናልባት እኔ መድኃኒት ልገዛ ስወጣ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፣ እንደ ድሮው አልተጫናቸውም። "የመጨረሻው" ይላል ከላይ። ከሥሩ፦

"ገፍቶ አሸነፈ አለኝ ወንድሜ። እኔ አላየሁም።"

በዚያ ደብተር ውስጥ ፍርድ ያልሰጠበት ውድድር ይህ ብቻ ነው። አላመነኝም ይሆን? ወይስ አምኖኝ፣ በዓይኑ ሳያይ በሰውየው ላይ መጻፍ ከበደው? ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። አላውቅም። የሚጠየቅ የለም።

ደብተሩ አሁን እዚህ ጎሚስታ ቤት፣ ልብሴን የምከትበት ከረጢት ውስጥ ነው። ዛሬ ከሰዓት አንድ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ፣ በከባድ ማርሽ እያጉረመረመ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ከኋላው ሦስት መኪና ጡሩምባ ይነፋበታል። ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዳር ያዘና አሳለፋቸው። ፍሬኑ አልሸተተም።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁና ደብተሩን አወጣሁ። ከሱ ጽሑፍ በታች፣ እሱ እንደሚጽፈው ተጭኜ ጻፍኩ።

"አልገፋም። ሁለተኛ ወጣ። እኔ አይቻለሁ።"