በእኔ ስንዝር የሚለካ ዓሳ

የቆሮሶ ዓሳ ሽታ በሎሚ ቢታሽም ከእጅ ቶሎ አይለቅም፤ ዛሬም ነቀምቴ ገበያ ዓሳ ገዝቼ ባጸዳሁ ቁጥር ያ ሽታ እጄ ላይ ሲቀር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ትንሹ ሐይቅና የልጅነቴ እሑዶች ተያይዘው ይመጡብኛል።

አባዬ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስኳር ሲመዝን ይሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መንጠቆውን ይዞ፣ ጎረቤታችንን ኦቦ ቶሌራን ጠርቶ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ለገበያ አልነበረም፣ ለጨዋታ ነው። ጨዋታው ግን ሐይቁን ሊጨርሰው ደረሰ! ሰዉ የዓሳ ጫጩት ሳይቀር እያወጣ ሲወስድ፣ ውለን ባዶ ባልዲ ይዘን መመለስ ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ አጥማጆቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ሕግ አወጡ። ክረምቱን እናቲቱ ዓሳ ልጆቿን በአፏ ይዛ የምትዞርበት ነውና እስከ መስቀል መንጠቆ አይጣልም፤ ከዚያም በኋላ ከስንዝር ያነሰ ዓሳ ወደ ውኃው ይመለሳል ተባለ።

«በማን ስንዝር?» አለ አባዬ። የኦቦ ቶሌራ መዳፍ አካፋ ያህል ነበር፣ የአባዬ ደግሞ ለወንድ የምታሳፍር። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ኦቦ ቶሌራ ወደ እኔ ዞሩና «ኢንተላ ኮ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ልጅ አያዳላም፣ በእሷ እጅ ይሁን።»

በሰባት ዓመቴ ዳኛ ሆንኩ ማለት ነው! በጋ በመጣ ቁጥር ትልልቅ ሰዎች ዓሳቸውን ይዘው ፊቴ ይቆሙ ነበር፤ «የኔ ቆንጆ፣ ጣትሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ» እያሉ ከረሜላ የሚሰጡኝም ነበሩ። እኔም ከረሜላውን እቀበልና እጄን እስኪያመኝ ዘርግቼ እለካ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ የሚመለሰው ዓሳ እየበዛ ሄደ፣ እነሱም «ዘንድሮ ደግሞ ዓሳው ምን ነክቶት ነው ያነሰው?» እያሉ ያማርሩ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ በሁዳዴ፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም ከወልቂጤ መጡ። አባዬ ስለ ሐይቁ ጉራውን ሲነዛባቸው ከርሞ ነበርና «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ያጠመድኩትን ነው የሚበሉት» ብሎ ይዟቸው ወረደ። የያዘው ሁሉ እያነሰበት ሲመልስ ዋለ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን አንዲት ደህና የምትመስል ቆሮሶ አወጣና ፊቱ በርቶ አመጣልኝ። እጄን ዘረጋሁ። ጭራዋ ከጣቴ ጫፍ ወዲህ ቀረ። አባዬን በወንድሙ ፊት ከማሳፈር መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ጣቴን ትንሽ ባጥፍ ደግሞ ማንም አያየኝም። እንባዬ እየመጣ «አልደረሰችም፣ አባዬ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ለቀቃት።

አጎቴ ግን ሳቃቸው መጣ። «ቆይ እንጂ፣ ይቺ ልጅ ባለፈው ስመጣ ይህችን ታህል አልነበረችም? እጇ አላደገም እንዴ?»

ዳር ላይ የነበሩት አጥማጆች ሁሉ ክው አሉ። ለካ ዓሳው አላነሰም! ኦቦ ቶሌራ ራሳቸውን ይዘው «ያ ረቢ!» አሉ። ሌላ ትንሽ ልጅ እንፈልግ ያለም ነበር፤ አባዬ ግን «ተዉት፣ የዛሬውን የዓሳ ብዛት አላያችሁም? እጇ ማደጉን እስኪያቆም እንጠብቅ» አለ። ያን ምሽት ሽሮ እየበላን፣ ሐይቁ ዳኛ እንዳለው ለአጎቴ ሲተርክ ደስታው ልክ አልነበረውም።

ዛሬም ሐይቁ ዓሳ አለው፤ ልኩም ያው የእኔ ስንዝር ነው። ባለፈው እሑድ ልጄ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ዓሳ ያዘችና እየዘለለች አመጣችልኝ። ለካሁ፣ አነሰች። «በእኔ እጅ እኮ ትደርሳለች፣ እማዬ!» ብላ ትንሿን መዳፏን ዘረጋችልኝ። እውነቷን ነው፣ ትደርሳለች። ያኔ አባቴን እንቢ ከማለት የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ልጅን እንቢ ማለት ግን ይብሳል። «አልደረሰችም፣ የኔ እናት» አልኳትና፣ እያለቀሰች አብረን ለቀቅናት።