የሰማንያ ስድስቱ ወይንና የሲልቬት አፍንጫ

ሲልቬት ላሙልያት በፑያላዶች የወይን ምድር ቤት ውስጥ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጠርሙስ እንድታጥብ ተቀጠረች። ጠርሙስ ማጠቡ ሲሰለቻት በርሜል መሙላት ለመደች፣ ከዚያ ደግሞ መቅመስ ጀመረች። አንዴ መቅመስ ከጀመረች በኋላ ማንም ሊያስጥላት አልቻለም።

የፑያላዶች ቤት ከሴንት ኤስቴፍ መንደር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ሰፍቶ ባሕር ሊሆን ምንም ያልቀረው ቦታ ላይ ነው። ትንሽ ቤት ነው። ጎረቤቶቹ በራቸው ላይ አንበሳ ያስቀረጹ ናቸው፣ የፑያላዶች በር ላይ ያለው ግን የድመት መግቢያ ቀዳዳ ብቻ ነው። ወይናቸው ግን ከማንም አያንስም። ሲልቬትን ከጠየቃችሁማ ይበልጣል።

እንጨት ወይን ይጠጣልና በየሳምንቱ በርሜሎቹን እየዞረች የጎደለውን ትሞላለች። በብርዱ ወራት ለእያንዳንዱ በርሜል የስድስት እንቁላል ነጩን መትታ ትጨምራለች፣ ነጩ አተላውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። አስኳሉ ለኬክ ይሆናል። የዚያን ሰሞን መንደሩ ኬክ በልቶ በልቶ ኬክ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ዋናው ሥራዋ ግን ዕድሜ መስጠት ነው። ወይኑ ወደ ጠርሙስ ሊገባ ሲል ትቀምስና አንድ ቁጥር ትናገራለች። «ይሄ ስምንት ዓመት ይተኛ። ይሄ አሥራ አምስት። ይሄንን ቶሎ ጠጡት፣ አይጠብቃችሁም።» ቁጥሩን በጠመኔ በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ከጠርሙሶቹ በላይ ትሰቅለዋለች። በዚያ ቤት ደንብ አለ። ቁጥሩ የሞላ ዕለት የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሚከፍተው ቁጥሩን የጻፈው ሰው ነው፣ ያውም ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ማዕድ ላይ። ከተሳሳተ ሰሌዳውን በገዛ እጁ ይደመስሳል። ሲልቬት እስከዛሬ የደመሰሰችው ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ደግሞ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው ትላለች።

በፈረንጆች ሰማንያ ስድስት የተለቀመው፣ የሰማንያ ስድስቱ ወይን ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ገና በርሜል ውስጥ እያለ የቀመሰው ሰው ድዱ ተሰብስቦ አፉ ይደርቅበታል። የድሮው ባለቤት ሙሴ ኦቤር አንዴ ጎንጨት አሉና ግድግዳው ላይ ተፉት።

«ይሄ ወይን አይደለም፣ የአጥር እንጨት ነው!» አሉ።

ሲልቬት አፏ ውስጥ አመላለሰችው፣ አመላለሰችውና «ሠላሳ ዓመት» አለች።

ሙሴ ኦቤር እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት! ያኔ እኔ የት ነኝ?»

«መቃብር ነዎት፣ ሙሴ ኦቤር።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

እንዳለችውም ሆነ። እሳቸው መቃብር ገቡ፣ እሷ እዚያው ቀረች። መቶ ሃያ ጠርሙስ ጥግ ላይ ተኛ፣ ከላዩም «ሠላሳ ዓመት፣ እጅህን ሰብስብ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ማንም አልነካውም።

ሠላሳው ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የካቲት ላይ፣ ሲልቬትን ጉንፋን ያዛት። ሳምንት ተኛችና ተነሳች። በተነሳችበት ቀን ወተት ጣደች፣ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲያርር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ሬዲዮ ታዳምጥ ነበር። ዞር ስትል ኩሽናው ጭስ በጭስ ሆኗል። ምንም አልሸተታትም። ሮጣ ምድር ቤት ወረደች፣ አንዱን በርሜል ከፍታ አፍንጫዋን ቀዳዳው ላይ ተከለችው። ውሃ ላይ የተደፋች ያህል ነው። ምንም የለም።

ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አላት። ለዚህ ለዚህማ እሷም ሐኪም መሆን ትችል ነበር።

አሁን የቤቱ ባለቤት የሙሴ ኦቤር ልጅ ቲቦ ነው። መልካም ልጅ ነው፣ ግን ቦርዶ ከተማ ተምሮ ስለመጣ ከላቦራቶሪ የሚመጣ ወረቀት ይወዳል። ሲልቬትን አንቱ ነው የሚላት። በዚህ ዓመት ደግሞ «ማዳም ሲልቬት፣ እርስዎ ድካም ካልተሰማዎት…» ማለት አብዝቷል። አፍንጫዋ እንደጠፋ ካወቀ ነገሩ አለቀ፤ አበባና የመናፈሻ ወንበር ሰጥቶ ይሸኛታል። የመናፈሻ ወንበር ላይ ምን ልትሠራ?

ስለዚህ ደበቀችው። እንደ ድሮዋ አፍንጫዋን ብርጭቆ ውስጥ ትነክራለች፣ ግንባሯን ትቋጥራለች፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞር ብላ «እናንተስ ምን ይላችኋል?» ትላለች። ሲልቬት ሰው ስትጠይቅ! የወይኑን ተክል የምትገርዘው ማጋሊ በመጀመሪያው ቀን ክው ብላ ቀረች። በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ምን ይልሻል ተብላ አታውቅም።

«እኔን ነው?» አለች።

«ታዲያ በርሜሉን ነው እንዴ?»

ችግሩ ሳሙናው ነበር። ሲልቬት አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሽታ በሌለው ሳሙና ነው የታጠበችው። ሽቶ ተቀብቶ ምድር ቤት የገባ ሰው በመጥረጊያ ነው የሚባረረው። አሁን ግን ከገበያ ያገኘችውን ሳሙና ገዝታ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ስትገባ ሽቶ ሽቶ እያለች ሰርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ማጋሊ አፍንጫዋን አሸት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጡረታ የወጣው በርሜል ሠሪ ኤሎዋ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። ከሲልቬት ጋር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባል አገኘሽ እንዴ?»

«ባገኝስ ምን አገባህ?»

«ምስኪኑን ላስጠነቅቀው ነዋ!»

ቀኑ ደረሰ። ሚያዝያ ውስጥ እሁድ ነው፣ ፀሐዩ ደስ ይላል። ማጋሊ ግቢው ውስጥ የደረቀ የወይን ቅርንጫፍ አንድዳ ሥጋ ትጠብሳለች። ጠረጴዛው ላይ አራት ሰው ነው፦ ቲቦ፣ ኤሎዋ፣ ማጋሊና ሲልቬት። መጀመሪያ ሾርባ ቀረበ። ኤሎዋ ሾርባውን ጠጥቶ ሳህኑ ሥር የቀረው ላይ ተራ ቀይ ወይን ቸለስ አደረገና ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጨለጠው። የአያቶቹ ወግ ነው።

«በሰማንያ ስድስቱ እንዲህ ብታደርግ እጅህን እቆርጠዋለሁ» አለችው ሲልቬት።

«እሱን ቀድመሽ ክፈቺውና እናያለን።»

ሲልቬት ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችው። ቡሹ ትንሽ ተፈረፈረ እንጂ ወጣ። ከጠርሙሱ አንገት ሥር ሻማ አብርታ፣ አተላው ብቅ እስኪል ቀስ እያለች ወደ መስታወት ማንቆርቆሪያ ገለበጠችው። ለሁሉም ቀዳች፣ አፍንጫዋን ነከረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ምን እንደሚሸት በልቧ ታውቀዋለች፣ ሠላሳ ዓመት አስባበታለችና።

«እህ!» አለች። «ይኸው ተከፈተ። ጥቁር እንጆሪ። ትምባሆ። በስተኋላ ደግሞ የዝግባ ሳጥን። አይደለም እንዴ?»

ዓይኗን ስትገልጥ ቲቦ ጫማውን ያያል። ማጋሊ ቲቦን ታያለች። ኤሎዋ እንኳ ብርጭቆውን ከፊቱ ገፍቶታል፣ ያስፈራት እሱ ነው።

«ምን ሆናችኋል?»

«ሲልቬትዬ» አለ ኤሎዋ ቀስ ብሎ። እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ይሄኮ ቡሹ ያበላሸው ነው። እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ዝናብ የመታው ውሻ ይሸታል። ሾርባዬ ላይ እንኳ አላፈስሰውም።»

«እያሾፍክ ነው።»

«ምነው ባሾፍኩ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የሲልቬትን ያወጣው ቡሽ ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ይሸሸዋል። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ከየካቲት ጀምሮ አይሸተኝም» አለች። «ምንም። ወተት አረረብኝ። ቤቱ ቢቃጠል አላውቅም።»

«ሳሙናውስ?» አለች ማጋሊ።

«የቱ ሳሙና?»

ማጋሊ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በመሐረብ ያዘች። ኤሎዋ ደግሞ ጮክ ብሎ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ባል መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ መንደሩን ሳስስ!»

ቲቦ አልሳቀም። «ማዳም ሲልቬት፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ወንበር ትሰጠኛለህ!» አለችው። እሷ አንቱ አትለውም፣ ዳይፐር የቀየረችለት ልጅ ነው።

ቲቦ ቀላ። ወንበሩን አዝዞት ኖሯል።

«ሌላ ጠርሙስ አምጪ» አለ ኤሎዋ። «የአንዱ ቡሽ ቢበላሽ መቶ አሥራ ዘጠኝ አለ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ውሻ ለማሽተት አይደለም።»

ሁለተኛውን አመጣች። ከፈተች፣ ገለበጠች፣ ቀዳች። አሁን ግን አፍንጫዋን አልነከረችም። «እናንተ ንገሩኝ» አለች። የእውነቷን ነው።

መጀመሪያ ሁሉም አፈሩ። ከዚያ ማጋሊ አሸተተችና «እኔ ቃሉን አላውቀውም…» አለች።

«ቃል ማን ጠየቀሽ? ምን ይመስልሻል?»

«የአያቴ ቁም ሣጥን። ውስጡ የደረቀ ፍሬ የተቀመጠበት።»

«ማለፊያ። አንተስ?»

«የፈረስ ልጓም» አለ ኤሎዋ። «ንጹሕ ፈረስ ነው ታዲያ።»

ቲቦ ደጋግሞ አሸተተ። «የአባቴ ኮት» አለ በመጨረሻ። «የኪሱ ትምባሆ።» ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን አላስቀመጠም።

ሲልቬት ጎንጨት አለች። ያ ድድ የሚቧጭረው የአጥር እንጨት የት ሄደ? አልሄደም፣ አለ። ግን ብዙ ጊዜ እንደታጠበ አንሶላ ለስልሷል። ምላሷን ከግራም ከቀኝም ይዞ፣ ሳይጨብጥ፣ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ከዋጠችው በኋላም አፏ ምራቅ ሞላ። ቆጠረች። እስከ ሃያ ቆጠረች፣ ገና አልጠፋም።

«ደርሷል» አለች። «አላለቀም ግን። የፈለገ ዛሬ ይጠጣ፣ የታገሠ ሃያ ዓመት ይጨምር።»

«ሃያ ዓመት ቆይቼ ዘጠና ስምንት ልሞላ ነው?» አለ ኤሎዋ። «ቅጂልኝ ባክሽ!»

ሥጋው ቀረበ፣ ተበላ። ቲቦ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል። «ያኔ ሠላሳ ዓመት ሲሉ በምን አወቁ? በማሽተት?»

ሲልቬት አሰበች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። «ያኔማ ሽታ የሚባል አልነበረውም» አለች። «እንደ ጡጫ የተዘጋ ነበር። ለሌሎቹ ዓመቶች አፍንጫዬ ይረዳኛል፣ ለዚህኛው ግን ምንም አልነገረኝም። በድዴ ነው የቆጠርኩት። ምን ያህል እንደሚጨብጥ፣ ምራቅ ምን ያህል እንደሚያመጣ።» ስትናገረው ለራሷም ገረማት።

ቲቦ ተነሳ። «የአምናው ወይን በርሜል ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥር ይፈልጋል።»

«ወረቀትህ አለ አይደል?»

«አለ። እሱንም አያለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን ይምጡ።»

«ወንበሩስ?»

«ኤሎዋ ይቀመጥበታል።»

አራቱም ብርጭቆ ይዘው ወረዱ። ሲልቬት በመስታወት መሳቢያ ቧንቧ ከሦስተኛው በርሜል ወይን ስባ ለማጋሊ አንድ፣ ለራሷ አንድ ቀዳች። «አንቺ አሽትቺ፣ እኔ በድዴ እቆጥራለሁ። ቸኩለሽ እንዳትናገሪ፣ ደግሞ እኔን ደስ ይበላት ብለሽ እንዳትዋሺ።»

«ከእርስዎ ራቅ ብዬ ልቁም» አለች ማጋሊ። «ሳሙናው ይረብሸኛል።»

«ውጪ ሄጄ ልታጠብ እንዴ?»

«ቢታጠቡ ጥሩ ነው።»

ሲልቬት ወጥታ በባልዲ ታጥባ መጣች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። ማጋሊ በርሜሎቹ መሐል ቆማ አንዴ ወደ ብርጭቆው አንዴ ወደ ጣሪያው እያየች ታሸታለች። ሲልቬት ወይኑን በምላሷ ሥር አመላለሰች። የራሷ ቁጥር መጥቶላታል። ጠመኔውን አንስታ ሰሌዳው ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን መለሰችና ወደ ማጋሊ ዞረች።

«ጨረስሽ?» አለች።

«ገና ነኝ። አንድ ነገር አለ፣ ሊመጣልኝ ነው።»

«እሺ» አለች ሲልቬት፣ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች።