ካሴቱ የበላው መጨረሻ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ከበሮ ነው የሚለው። ከበሮ ኖሮት አይደለም፤ የሚመታው የሰው አናት ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ በቴፑ ይለቅና በማበጠሪያው ጭንቅላትህ ላይ ያጅባል። ያ ሙዚቃ ደግሞ እንደ ደንቡ አይሄድም፤ በሰባት ምት ሲጓዝ ቆይቶ ድንገት በአምስት ይታጠፋል። መቀሱም አብሮ ይታጠፋል። አንዱ ጆሮ ግንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ የተላጨ ሰው መንገድ ላይ ካየህ፣ ከማን ቤት እንደወጣ አትጠይቅ።

"ጋሼ፣ ይሄ ዘፈን አያልቅም?" ይለዋል የቸኮለ ደንበኛ።

"ገና መግቢያው ነው ልጄ። አንገትህን ቀና አድርግ።"

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊውም የዚሁ ሙዚቃ በሽተኛ ነው። በጎረምሳነቱ እንደ ዘፋኞቹ ፀጉሩን አስረዝሞ ነበር። አናቱ ከዳው፤ ከኋላ ግን አንዲት ቀጭን ጭራ ቀርታለታለች፣ በላስቲክ ያስራታል። ያቺን ጭራ ባየ ቁጥር ጋሽ ከበሮን እጁን ይበላዋል።

ጠባቸው በአንድ ዘፈን ነው። ድሮ ከሰው ሲቀዱት ዘፈኑ ሳያልቅ ካሴቱ አለቀ። ኪቦርዱ ሽቅብ ይወጣ፣ ይወጣና ልክ ጫፍ ሲደርስ፣ ቀጭ። መጨረሻውን ሳይሰሙ ሸበቱ።

"መጨረሻው ላይ ዘፋኙ ይመለሳል" ይላል ልብስ ሰፊው።

"ምን ሊያደርግ? ጃንጥላ ረስቶ ነው? የሚዘጋው ከበሮው ነው።"

"ካልተመለሰ ጭራዬን ቁረጣት። ከተመለሰ ግን ያንን ማበጠሪያ ከሰው አናት ላይ ታነሳለህ።"

ተማማሉ። ሲማማሉ መጨረሻው ይገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት የጋሽ ከበሮ ልጅ ስልኳን ይዛ ገባች። "አባዬ፣ ሙሉውን አገኘሁት።"

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ጭራውን በእጁ ይዞ መጣ። ተከፈተ። ኪቦርዱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው እኩል ብድግ ብለው ወደ ቴፑ ሲሮጡ ተላተሙ።

"ምኑን ልትገለብጡ ነው? ስልኩን?" አለች ልጅቷ፣ በሳቅ ሆዷን ይዛ።

ዘፈኑ ቀጠለ። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። ኪቦርዱ ብቻ፣ ሳይሰናበት ሹልክ እንደሚል እንግዳ፣ ቀስ እያለ ጠፋ።

"በቃ?" አለ ልብስ ሰፊው። "ለዚህ ነው የሸበትኩት?"

"ካሴቱ ይሻል ነበር።"

"በጣም እንጂ።"

ተስማምተው ስለማያውቁ ሁለቱም ደነገጡ።

ከዚያ ጋሽ ከበሮ መቀሱን አነሳ። "ያም ሆነ ይህ፣ ዘፋኝህ አልተመለሰም።"

ልብስ ሰፊው ቃሉን አላጠፈም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ከበሮ ጭራዋን ያዛት። ይሄን ሁሉ ዘመን የበላው እጅ መብላቱን ተወ። መቀሱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

"መጨረሻው ላይ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ዘፋኙ ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ።"

ልብስ ሰፊው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "እኔም ሰምቻለሁ።"

"መተንፈስ ግን መመለስ አይደለም።"

"ሳይመለስ ከየት ነው የሚተነፍሰው?"

"እንዲያውም እንደገና እንስማው" ብላ ልጅቷ ወደ ስልኳ እጇን ስትሰድ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ "ተይው" አሏት።