ማሽኑ የቆጠረው ሰዓት

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ አለቃዬ የአቶ ተሾመ ቀብር ላይ ነበርኩ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ለመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተርን ያስተዋወቁ» ተባለ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አደረግሁ። አንቱታውን ግን እዚያው ትቼው መጣሁ።

ጊዜው የደርግ ማብቂያ አካባቢ፣ አቧራው ዓይን የሚያስጨፍንበት በጋ ነበር። ሐረር ከግንቡ ውጭ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር መጣ። የታይፕ ጸሐፊ ስለነበርኩ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ሦስት ቀን አስተማረኝ። ያኔ እንደ ዛሬው ሥዕል የሚነካበት አልነበረም፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ማሽኑም በጽሑፍ ይመልሳል። ባለሙያው «ሲያስቸግርሽ መጀመሪያ ቅንብሩን ጠይቂው፤ በምን ታዝዞ እንደሚሠራ ራሱ ይነግርሻል» ብሎኝ ሄደ። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነበር፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አቶ ተሾመ ጋ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማተሚያው እምቢ አለ። ቅንብሩን ጠርቼ ሳየው የማተሚያው መስመር ተሰርዟል። የተነካበት ቀን ያው ማክሰኞ፣ ሰዓቱ 8፡40። በወረቀት ገልብጬ ለአለቃዬ ሰጠሁት። በገዛ እጄ።

በማግስቱ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው «ትናንት በስምንት ሰዓት ከአርባ ማን ነበር ክፍሉ ውስጥ?» አሉ።

«እኔ፣ ጓድ።»

«ታይፕ የለመደ ጣት እኮ እንደ ዶሮ ያገኘውን ይጭራል» አለ አቶ ተሾመ። ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወይስ አሻጥር ነው?» ጨመረበት።

በዚያ ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቅ ነበር።

«ማሽኑን አንድ ነገር ልጠይቀው» አልኩ።

እየተጎተቱ ተከተሉኝ። ሰዓቱን የሚያወጣውን ትእዛዝ ጻፍኩ። 10፡20 አለ። የግድግዳው ሰዓት ላይ ግን ገና ከጠዋቱ አራት ከሃያ ነበር።

ሰብሳቢው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው በሉኛ! ታዲያ ስምንት ከአርባ ያልነው...»

«ጠዋት ሁለት ከአርባ ነው፣ ጓድ።»

በዚያ ሰዓት አቶ ተሾመ ራሱ ደብዳቤ አስይዞ ኤረር በር ወዳለው መጋዘን ልኮኝ ነበር። የማስረከቢያ መዝገቡን አመጣሁ፤ መጋዘን ጠባቂው ሐጂ ዩሱፍ ፈርመው «ሁለት ተኩል» ብለውበታል። ስልክ ተደወለላቸው። «ወላሂ እዚህ ነበረች! ብርቱካን ሳላበላት መች ለቀቅኳት?» አሉ።

ሁሉም ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ያውቃል፤ አቶ ተሾመ ጫማውን ያያል። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በቃ፣ የሰዓት አለመግባባት ነው። ወደ ሥራችን» አሉ። ስለ ቁልፉ የጠየቀ የለም። ከወር በኋላ አቶ ተሾመ ለኮምፒዩተር ሥልጠና ተላከ፤ እኔ ወደ ታይፕራይተሬ ተመለስኩ።

አፈሩ ይቅለለው። ከልቤ ልለው ሞክሬያለሁ። ደግሞ በዚህ ዕድሜ የሚያደክመኝ የእሱ ነገር አይደለም። ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ፣ ምንም ያላጠፋሁት እኔ፣ ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ እያልኩ «አመሰግናለሁ» ማለቴ ነው።