የሚዘገየው ሽጉጥ

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ቶርኖ ቤት አለኝ፤ የጀልባ ሞተር ዕቃ ከብረት ስቀርጽ ነው የምውል። አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ የመጡ ሽማግሌ ቄስ ከጋቢያቸው ሥር ሽጉጥ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ክው አልሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ከዋንዛ የተጠረበ ነው፤ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ክቡ ነገር ሳይቀር ይዞራል።

«አዟዟሩን አሻሽዬዋለሁ። በብረት ሥራልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አባ፣ መሣሪያ አልሠራም። ደግሞ ቄስ ሆነው ፈጥኖ የሚተኩስ ሽጉጥ ምን ያደርግልዎታል?»

«ማን ፈጥኖ አለህ?»

ቃታውን ሳቡና «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። ጸሎት ነውና ምን ላድርግ? ቆቤን አውልቄ ከእንጨት ሽጉጥ ፊት ቆምሁ። ልክ «አሜን» ሲሉ ክቡ ቀጭ ብሎ ወደ ሁለተኛው ጥይት ዞረ።

ሳቄ አመለጠኝ። «አባ፣ እንዲህ ያለውን ማን ይታጠቃል?»

እሳቸው አልሳቁም። ሽጉጡን በጋቢያቸው እየጠቀለሉ፣ «ትልቁ ልጄ ትንሹ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የተኮሰ» አሉኝ። «የመጀመሪያዋ ጥይት ስታው ነበር።»