በሩ የተዘጋበት ሰውዬ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ምሽት ግን፣ ይልቁንም ዘንድሮ ጊዜው ተለውጦ መንገዱ ከጦር ሜዳ በሚመለሱ ሰዎች ከተሞላ በኋላ፣ ልረሳው አልቻልኩም።

ቀበሌው አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ማታ ማታ ይከፈታል። ሐሙስ ሐሙስ በእንግሊዝኛ የሚነገር ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። አገራቸው ደርቆባቸው፣ ልጆቻቸውንና የእህል ዘራቸውን በመንኮራኩር ጭነው፣ በከዋክብት መካከል የሚታረስ መሬት ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው። እኛም ድርቅ አይተን ስለነበር ታሪኩ ለማንም አልከበደም።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ክፍል ውስጥ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። አስተርጓሚ ያደረጉኝ አከራዬ አደ ፋጡማ ናቸው። አደ ፋጡማ ጫት ይነግዳሉ፤ ድምፃቸው ገበያ ያሸንፋል። ገና የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ብቻሽን ልትሰሚው ነው? ምን አለች? ንገሪኝ እንጂ!» ብለው በነጠላዬ ጫፍ ጎትተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት ሆነ። እኔ በጆሯቸው በአማርኛ አንሾካሹካለሁ፤ እሳቸው ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ልብስ ሰፊው አብዲ ደግሞ ቆሞ ለአዳራሹ በኦሮምኛ ያደርሳል። በአምስት ቃል ያልኩት አብዲ ዘንድ ሲደርስ የሠርግ ምርቃት ያህል ይረዝማል። አንድ ቀን «ሞተሩ ተበላሸ» ብል፣ እሱ የመካኒኩን ስንፍና፣ የመካኒኩን እናት ሐዘን ሳይቀር ጨምሮበት ሰው በሳቅ ፈረሰ።

የሰዎቹ ስም ለአፍ ስለማይመች ሕዝቡ የራሱን ስም አወጣላቸው። ሞተሩን የምትጠብቀዋ ሴት ዘይነባ ተባለች። ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ሳምንት ድንጋይ መንኮራኩሯን መታት። የዘይነባ ባል ሕፃን ልጁንና ወንድሙን ከውስጥ ትቶ ሊጠግን ወደ ውጭ ወጣ። አየሩ እያለቀ ሲሄድ፣ ዘይነባ የቀሩትን ለማትረፍ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው። ባልየው ውጭ እንደቀረ ፊልሙ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል ተባለ። ሳምንቱን ሙሉ ጫት ተራም፣ ወፍጮ ቤትም፣ የመምህራን ማረፊያም ወሬው ይኸው ነበር።

ያን ሐሙስ አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አስተዋዋቂዋ ብቅ ብላ ተከታታይ ፊልሙ መተላለፉን እንዳቆመ ተናገረችና ሄደች። ለምን እንደሆነ አላለችም። ቀጥሎ ስለ ጎተራ አሠራር የሚያስረዳ ዝግጅት ገባ።

«ሰውየውን ደጅ ጥለው?» አሉ አደ ፋጡማ ተነስተው። «ዋላሂ፣ የሰው ነገር እንዲህ አይተውም!»

ሣጥኑን የሚከፍተው ዘበኛ እሱ ያቋረጠው ይመስል ተጮኸበት። የፊዚክስ አስተማሪው አቶ ተስፋዬ እጁን አውጥቶ ሊያረጋጋ ሞከረ። «የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውት ይሆናል። በውጭ አገር ተመልካች ካነሰ ፊልም ይቆማል።»

«አነሰ?» አለ አብዲ። «ይሄ ሁሉ ሰው ተመልካች አይደለም? ማን መጥቶ ቆጠረን?»

«ከክረምት በኋላ ይመለሳል፤ ሕፃኑ አድጎ መሪ ይሆናል፣ ታያላችሁ» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይመለስም። ቢመለስም ሰውየው የለም» አለ አቶ ተስፋዬ። «እዚያ አየር የለም፤ ሰው ደቂቃም አይቆይም።»

«ባለፈው ልብሱ ውስጥ አየር አለ ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ? ዛሬ የት አደረስከው?» አሉት አደ ፋጡማ፤ አቶ ተስፋዬም አብሮ ሳቀ።

ክርክሩ እንዲህ እየጋለ ሄዶ ዘይነባ ላይ ደረሰ። ታሪኩ ቢቀጥል እሷ ምን ትሁን? ብቻዋን ትኑር ወይስ ታግባ? ያን ጊዜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ኦቦ ሙሜ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሰው የሚያከብራቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ፊልሙ መጣም ቀረም ነገሩ የታወቀ ነው» አሉ። «ባሏ ሞቷል። ሴት ባዶ ቤት አትቀመጥም። ወንድሙ እዚያው አለ፤ ወንድሙ ያግባት። ልጁም አባት አያጣም።»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በአካባቢው ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ማግባቱ የቆየ ልማድ ነው።

«ሬሳውን ማን አየ?»

ድምፁ ከበሩ አጠገብ ነው የመጣው። ዞረን ስናይ ኑሪያ ናት፤ ልጇን አዝላ ቆማለች። ኑሪያ ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን ሴት ስትሆን የኦቦ ሙሜ ምራት ናት። ባሏ ጀማል የኦቦ ሙሜ የበኩር ልጅ ነው። እኔ በመጣሁበት ዓመት እኔ ዘንድ የማታ ትምህርት ይማር ነበር፤ ከዚያ ለውትድርና ተወሰደ። ከሄደ ጀምሮ ደብዳቤም ወሬም የለም። በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ኑሪያን ለታናሽ ወንድሙ ለአህመድ ኒካህ አስረው ሊድሯት እንደሆነ ከአደ ፋጡማ ሰምቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

«ኑሪያ፣ ተይ ተቀመጪ» አሏት ኦቦ ሙሜ። «ፊልም ነው።»

«ፊልም ከሆነ ለምን ትፈርዱበታላችሁ?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ አንቺ ነሽ የሰማሽው። ንገሪያቸው። ሞተ ብለዋል?»

ሰው ሁሉ አየኝ። አደ ፋጡማ እንደ ልማዳችን ጆሯቸውን አስጠጉልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ተነሳሁ።

«ሞተ አልተባለም» አልኩ። «በሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት። በዚያ ጊዜ ከጦር ሜዳ ስላልተመለሰ ሰው በአደባባይ ማውራት ወሬ መንዛት ተብሎ ያስይዝ ነበር። ወዲያው በር ላይ የነበረው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ መሃል መጣ። «ስለ የትኛው ሰው ነው የምታወሩት?»

የጎተራው ዝግጅት ብቻ ይሰማል።

«ስለ ጠፈሩ ነዋ፣ ልጄ» አሉ አደ ፋጡማ። «አንተ ደግሞ ዘበኝነትህን እዚያ ድረስ አደረስከው?»

ሰው ሳቀ፤ ልጁም ሳይወድ ሳቀና፣ «በቃ፣ ተበተኑ» አለ።

ኑሪያ ከእኛ ጋር ወደ አደ ፋጡማ ግቢ መጣች። ውሃ ሰጠናት፤ አልጠጣችም። «የት ነው የሚጠየቀው?» አለችኝ። የአውራጃው ቢሮ እንደሚጠየቅ ነገርኳት። ሰው ሄዶ ሊጠይቅ እንደሚችል እስከዚያ ቀን የነገራት የለም።

«እየተጠየቀ መሆኑን ከሰሙ ቃዲው መልስ እስኪመጣ ኒካህ አያስሩም» አሉ አደ ፋጡማ። «ሽማግሌዎቹ ሞቷል ብለው ከመሰከሩ ግን ያስራሉ። ነገ ሊመሰክሩ ነው።»

ይህን እየተነጋገርን ሳለ ኦቦ ሙሜ መጡ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም፤ ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ለእኔ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር አትንኪው። እኔ ሄጄ ብጠይቅ፣ ‹ልጅህ ከድቷል› ቢሉኝስ? በሱ ፈንታ አህመድን ይወስዱታል። አንዱን ወስደዋል። እኔ ልጄን መቅበር የወደድኩ መሰለሽ? ሞተ ያልኩት የቀረውን ላተርፍ ነው።»

ኑሪያ ይህን ከአማቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ያን ምሽት መቀመጥም መተኛትም አልቻልኩም። የተማሪዎች ደብተር ማረም ጀመርኩ፤ ስህተቱን ትክክል እያልኩ አልፌ ኖሯል፣ ተውኩት። ማንም ካልጠየቀ ኑሪያ በማግስቱ ባሏ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ለሌላ ትሰጣለች። ቤተሰቡ ከጠየቀ ደግሞ አህመድ ሊሄድ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር መጣልኝ፦ ጠያቂው የግድ ቤተሰብ መሆን የለበትም።

አሁን የማስተምረው መሰላ የተባለች ሌላ ከተማ ነው። ለጉዳይ ወደ አሰበ ተፈሪ ስወርድ መኪናው በቆመበት ሁሉ የወታደር ኮት የለበሱ፣ የከሱ፣ እግራቸው የቆሰለ ሰዎች አያለሁ። ሁልጊዜ ፊታቸውን አያለሁ፤ አንዳንዶቹ የማውቃቸው መስሏቸው ሰላም ይሉኛል። ጀማል አልመጣም። ሞተ የሚል መርዶም አልመጣም። አህመድ አልተወሰደም፤ ቦርደዴ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሌላ አግብቷል። ኦቦ ሙሜ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ ቤታቸው ግን ጠርተውኝ አያውቁም።

ቃዲው ጥያቄው መመዝገቡን ሰምተው ኒካሁን አቆዩት፤ ኑሪያ ዛሬም ትጠብቃለች። ልጇ ትምህርት ጀምራለች። አንድ ቀን፣ «ባልጠየቅሽልኝ ይሻል ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ፣ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አስባለሁ። እንድትመርጥ ጊዜ ሰጠኋት ወይስ ማለቂያ ከሌለው ነገር ጋር አሰርኳት፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። እሷ ግን ፊቷን አዙራ፣ «ያን ጊዜ ቢድሩኝ በየሌሊቱ በር ሲንኳኳ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ። ይህን ስትል ልቤ ትንሽ ያርፋል፤ ብዙ ግን አይቆይም።

የዚያን ዓርብ ጠዋት ግን እንዲህ አደረግሁ። ለትምህርት ቤቱ እንደምዘገይ ላክሁና ለብቻዬ ወደ አውራጃው ቢሮ ሄድኩ። ኑሪያ ልከተልሽ ብትል ቤተሰቡ እንዳይታይ ብዬ ከለከልኳት። በመስኮቱ ፊት ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ ለምን እንደመጡ አንዷም ለሌላዋ አትናገርም። ተራዬ ደረሰ። የጀማልን ሙሉ ስም ተናግሬ የት እንዳለ ለማወቅ እንደመጣሁ አስረዳሁ።

«ቤተሰብ ነሽ?» አለኝ ፀሐፊው።

«አይደለሁም። የማታ ትምህርት አስተማሪው ነኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?»

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉ።

«ተማሪዬ ከቀረ የት እንደደረሰ መጠየቅ ሥራዬ ነው» አልኩት።

ከዚያ ብዕሩን አንስቶ፣ «የጠያቂ ስም?» አለ። የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኩት፤ ጽፎ እስኪጨርስም ከመስኮቱ አልተነሳሁም።